ስለ ቤት ክዳንና ስለ ቤት መድን

ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤትን ማስከደን ያገራችን የጥንት ልማድ ነው። ግንቦት ሲጋመስ የቤቱ ባለቤት ቀና ብሎ ጣራውን ይመለከታል፤ ባለቤቲቱም ባለፈው ክረምት ውሃ ያንጠባጠበበትን ስፍራ በጣቷ ታሳየዋለች። እኛ ግን ዛሬ ስለ ክዳኑ ብቻ ሳይኾን፥ ብዙ ሰው ኢንሹራንስ ስለሚለው ስለ ቤት መድንም ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ኹለቱ ነገሮች የተለያዩ መስለው ቢታዩም፥ አንዱ ባንዱ ላይ የቆመ መኾኑን ባይናችን አይተናልና።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፥ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ወርቅ ኼደን ነበር። ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጐጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ስትኾን፥ በጥንታዊው በማርያም ገዳሟ የታወቀች መኾኗን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዚያ ያስተናገዱን ሰው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፥ በኖራ የተቀባ፥ አራት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። የቀድሞው ቆርቆሮ ሠላሳ ክረምት ያህል ዝናም ወርዶበት ዝጎ ስለ ነበረ፥ በሚያዝያ ወር አውርደው በአዲስ አስከድነውት አገኘናቸው።

ይህ ቤት ልጃቸው ለንግድ ለተበደረው ገንዘብ በባንክ መያዣ ኾኖ ተይዟል። ባንክም ቤትን በመያዣ ሲቀበል የእሳት መድን እንዲገባለት ይጠይቃልና፥ ሽማግሌው ከ9 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ዐረቦን ይከፍላሉ። ዐረቦን ማለት ለመድን ሰጪው ስለ መድኑ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ሽማግሌው ክዳኑን ሲያሳድሱ በልባቸው ያሰቡት «ክዳኑ ከታደሰ አደጋው ያንሳል፤ አደጋው ካነሰም ዐረቦኑ ይቀንሳል» ብለው ነበር። ስለዚህም ወደ መድን ድርጅቱ ኼደው የሠሩትን አስታወቁ። ሰው መጥቶ ቤቱን ካየ በኋላ የደረሳቸው ሒሳብ ግን ካምናው የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልኾነም።

ሽማግሌው ተቈጥተው፥ «ክዳን ማሳደስም ቅጣት አለው እንዴ?» እያሉ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ወይዘሮዋ ግን ወረቀቱን አንሥተው መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ፥ «እርስዎ የምንከፍለውን ብቻ ቈጠሩ እንጂ፥ ቤቱ ቢቃጠል የሚከፈለንን አልቈጠሩም» አሏቸው።

ይህ የወይዘሮዋ ቃል ለብዙ ባለቤቶች የሚጠቅም ኾኖ ስላገኘነው፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አባቶቻችን በሣር ክዳን ቤት ሲኖሩ መድናቸው ጐረቤት ነበረ። ቤት ቢቃጠል የመንደሩ ሰው በደቦ ተሰብስቦ፥ አንዱ እንጨት አንዱ ሣር ተሸክሞ፥ ቋሚውን አቁሞ ማገሩን ማግሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ያቆመው ነበር። የቤቱ ባለቤትም የሚከፍለው ዐረቦን በሌላው ደቦ ላይ የሚያፈሰው ላብ ነበረ። ሣሩ ከመስክ፥ እንጨቱም ከዱር የሚገኝ ስለ ኾነ፥ ጕልበት ካለ ቤት አለ። ዛሬም በገጠር ይህ መልካም ልማድ አልጠፋም። ሣር ክዳን በቆርቆሮ ከተለወጠ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቆርቆሮ ከእሳት ይልቅ የሚያድን ቢኾንም ከመስክ የሚታጨድ አይደለም፤ በገንዘብ ይገዛል። ሚስማሩም፥ ሞራሌውም፥ ኮርኒሱም እንደዚሁ። ጐረቤት ጕልበቱን ሊለግስ ይችላል፤ የመቶ ቅጠል ቆርቆሮ ዋጋ ግን ሊለግስ አይችልም። ስለዚህ ክዳኑ በገንዘብ የሚተካ ሲኾን፥ መድኑም በገንዘብ የሚገባ ኾነ።

የክዳንና የመድን ዝምድና በሌላውም ዓለም የቈየ ነው። በለንደን ከተማ ሣር ክዳን በእሳት ምክንያት የተከለከለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1212 ዓመት ነበር። ይኸውም ኾኖ የከተማው ቤት አብዛኛው የእንጨት ስለ ነበረ፥ በ1666 ዓመት ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣው እሳት 13,200 ያህል ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን አጠፋ። ከዚህ ጥፋት በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ሰው በ1680 ግድም የእሳት መድን ሥራ ጀመረ። ያወጣውም ዋጋ በቤቱ ኪራይ ተመዝኖ፥ ለጡብ ቤት ከመቶ ኹለት ተኩል፥ ለእንጨት ቤት ከመቶ አምስት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መድን ሰጪ ኹሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ግድግዳው ምንድን ነው? ክዳኑስ ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ወደ አገራችንም መድን የገባው ቀደም ብሎ ነው። በ1898 ዓ. ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ የአንድ የውጭ አገር ድርጅት ወኪል ኾኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በአገር ውስጥ የተቋቋመው የመዠመሪያው ድርጅት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ መድን ኩባንያ ሲኾን፥ የተመሠረተው በ1943 ዓ. ም. ነው። በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ. ም. በሥራ ላይ የነበሩት 13 ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በማግሥቱም ዓመት የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ የግል ድርጅቶች እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ ተቈጣጣሪያቸውም ብሔራዊ ባንክ ነው። እንግዲህ መድን በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነገር ቢኾንም፥ የቤት ባለቤት ውሉን አንብቦ የሚገባው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ባንኩ ስላዘዘው ብቻ ይከፍላል።

አኹን ወደ ደብረ ወርቁ ሽማግሌ ሒሳብ እንመለስ። አዲስ ክዳን የመድንን ነገር የሚለውጠው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው፥ የአደጋው መጠን ነው። ሣር ክዳን ያለው ቤት ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ለእሳት ቅርብ ስለ ኾነ፥ ዐረቦኑ ከፍ ይላል፤ ወይም መድን ሰጪው ጨርሶ አይቀበለውም። ስለዚህ ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ያስከደነ ሰው የዋጋ ቅናሽ ቢጠይቅ የተገባ ነው። ሽማግሌው ግን አሮጌ ቆርቆሮ በአዲስ ቆርቆሮ ስለ ተኩ፥ ከእሳት ወገን የቤቱ ዐይነት አልተለወጠም። ደግሞም ቆርቆሮው ባይነድም፥ ከሥሩ ያለው ሞራሌና ኮርኒስ፥ በዚያም ላይ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ይነዳል። ከትልቁ ቤት አጠገብም ሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት ካለ፥ የእሳቱ በር እርሱ ነውና፥ ቈጣሪው ይህን ሳያይ አያልፍም።

ኹለተኛው፥ የቤቱ ዋጋ ነው። የሽማግሌው ቤት በውሉ ላይ የተገመተው ከ9 ዓመት በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮውም የእንጨቱም የአናጢውም ዋጋ እጅግ ጨምሯል፤ አዲሱ ክዳን ደግሞ ቤቱን አክብሮታል። የመድን ሰው መጥቶ ባየ ጊዜ ግምቱን ከፍ አደረገው፤ ግምቱ ከፍ ሲል ከመቶ የሚታሰበው ዐረቦንም ከፍ አለ። ሽማግሌውን ያስቈጣቸው ይህ ነው። ነገር ግን ግምቱ እንደ ቀድሞው ዝቅ ብሎ ቢቀር ምን ይኾን እንደ ነበር በምሳሌ እናሳይ። አንድን ቤት መልሶ ለመሥራት 1,000,000 ብር የሚያስፈልግ ሲኾን፥ በውሉ የተጻፈው 500,000 ብር ብቻ ነው እንበል። እሳት ተነሥቶ የ200,000 ብር ጕዳት ቢያደርስ፥ ባለቤቱ «ውሌ 500,000 ነውና 200,000ው ይከፈለኝ» ይላል። መድን ሰጪው ግን በእሳት መድን በታወቀው የተመጣጣኝነት ደንብ መሠረት «ያስመዘገብኸው እኩሌታውን ነው፤ ለቀረው እኩሌታ ራስህ የራስህ መድን ሰጪ ነህ» ብሎ 100,000 ብር ብቻ ይከፍለዋል። ዐረቦን ለማሳነስ የቤቱን ዋጋ የሚያሳንስ ሰው በአደጋው ቀን የሚያገኘው ይህን ነው።

ሦስተኛው፥ የክዳኑ ዕድሜ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቍጥር 678 እንደሚያዝዘው፥ የንብረት መድን ውል የካሣ ውል ነው፤ ካሣውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ካወጣው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ይህ ማለት መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም ማለት ነው። ያረጀ ክዳን ከጠፋ የሚከፈለው ያረጀ ክዳን ዋጋ ነው። ይህንንም በቍጥር እንመልከት። ዛሬ በ300,000 ብር የሚሠራ ክዳን 30 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢታሰብ፥ 20 ዓመት የኖረው ሲጠፋ ቀሪ ዋጋው 100,000 ብር ነው። ኹለት ዓመት የኖረው ግን 280,000 ብር ያወጣል። ቤቱ አንድ፥ እሳቱም አንድ ሲኾን፥ በክዳኑ ዕድሜ ብቻ የ180,000 ብር ልዩነት ይገኛል። ስለ እርጅና ሳይቀነስ ለአዲስ መሥሪያ የሚከፈልበት ውልም አለ፤ ነገር ግን በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ «ይከፈለኛል» ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

በዚያ ማታ ከአሜሪካ ከዳላስ ከተማ ሌላው ልጃቸው በስልክ ሲጠይቃቸው ነገሩን አጫወቱት። እርሱም፥ «አባባ፥ እዚህማ ቤት ለመድን ሲቀርብ አስቀድመው ከሚጠይቁት አንዱ የጣራው ዕድሜ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። በቴክሳስ አገር ትልልቅ በረዶ እየወረደ ጣራን ስለሚሰብር፥ ብዙ መድን ሰጪዎች ለአዲስ ጣራ ሙሉውን የመሥሪያ ዋጋ ሲከፍሉ፥ ላረጀው ግን እርጅናውን ቀንሰው ይከፍላሉ። በረዶን የሚችል ጣራ ላሠራ ሰው የዐረቦን ቅናሽ ይሰጣሉ። የጣራውም ጥንካሬ የሚፈተነው ኹለት ኢንች ውፍረት ያለው የብረት ኳስ ከ20 ጫማ ከፍታ እየተጣለበት ነው፤ ከዚህ ፈተና ሳይሰነጠቅ ያለፈ ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኛል። ነገር ግን ቅናሹን የሚቀበል ሰው ብዙ ጊዜ «በረዶ የቈርቈሮውን መልክ ቢያጐደጕደውና ውሃ ባያስገባ አንከፍልም» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ይገኝበታልና፥ ቅናሹ ዋጋ የሚጠይቅ ነው። በፍሎሪዳ አገር ደግሞ መድን ሰጪዎች ያረጀ ጣራ ያለውን ቤት አንቀበልም እያሉ ሰውን ስላስጨነቁ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓመት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ፥ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የኾነን ጣራ በዕድሜው ብቻ መከልከል አይፈቀድም። ከዚያ የበለጠውንም ባለሙያ መርምሮ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለግላል ካለ፥ ስለ ዕድሜው ብቻ ሊከለክሉት አይችሉም።

ይህን የምናወራው የአሜሪካ ሥርዓት በአገራችን ይሠራበታል ለማለት አይደለም። ነገር ግን በዚያም በዚህም የነገሩ ሥር አንድ ነው። መድን ሰጪ የሚፈራው የክዳኑን መዝገት፥ የሚወደውም የክዳኑን ጽናት ነው።

ደግሞ አዲስ ክዳን ያስከደነ ሰው ኹሉም ነገር ተሸፈነልኝ ብሎ እንዳይታለል እናስጠነቅቃለን። ተራው የእሳት መድን የሚሸፍነው እሳትንና መብረቅን ነው። ዐውሎ ነፋስ፥ ጎርፍ፥ የምድር መንቀጥቀጥና እነዚህን የመሰሉት ተጨማሪ ዐረቦን ተከፍሎባቸው በውሉ ላይ ካልተጻፉ አይካተቱም። በጐጃም ደጋ በበልግ ማለቂያ የሚነሣው ነፋስ ቆርቆሮን እንደ ወረቀት ሲገለብጥና በረዶው ሲቀጠቅጠው የታየ ስለ ኾነ፥ ይህ ተጨማሪ ለዚያ አገር ሰው ከእሳቱ የማያንስ ነው። ዝገትና እርጅና፥ ከዚያም የሚመጣው ማንጠባጠብ፥ በማንኛውም ውል አይከፈልም፤ ይህ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ጦርነትም ከተራው ውል የወጣ ነው። የፖለቲካ ሁከት ለብቻው መድን የሚገባበት ነገር ስለ ኾነ፥ በዚህ ዘመን ይህን ጠይቆ መረዳት የቤት ባለቤት ግዴታ ነው።

እንግዲህ ክዳኑን ለማሳደስ ለሚያስብ ቤተ ሰብ እነዚህን ምክሮች እንሰጣለን።

ቆርቆሮ ሲገዙ ጌጁን ይጠይቁ። የጌጁ ቍጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው የሳሳ ነውና፥ ባለ 28 ከባለ 35 የወፈረ ነው። በርካሹ የተሸመተው ስስ ቆርቆሮ በጥቂት ክረምት ውስጥ ዐረቦኑንም ካሣውንም ያበላሻል። ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ይጠቀሙ፤ በከፈፉ በኩል ሚስማሩ እንዲቀራረብ አናጢውን ይዘዙት፤ ነፋስ የሚገባው በዚያ ነውና። አሮጌው ቆርቆሮ በወረደበት ቀን የበሰበሰው ሞራሌ ይለወጥ፤ የተላጠውም የመብራት ሽቦ በባለሙያ ይታይ።

የቆርቆሮውንና የእንጨቱን ደረሰኝ፥ ከአናጢው ጋራ የተዋዋሉበትን ወረቀትና ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የተነሣውን ፎቶግራፍ በአንድ ላይ ያኑሩ። ይህ የክዳኑ የልደት ወረቀት ነው፤ አደጋ ቢደርስ ዕድሜውን የሚመሰክረው እርሱ ነው። ታዲያ እነዚህን ወረቀቶች እዚያው ቤት ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ከቤቱ ጋራ እንዲቃጠሉ መፍቀድ ስለ ኾነ፥ ግልባጩ በዘመድ ቤት ወይም በባንክ ይቀመጥ።

ሥራው እንዳለቀ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የቤቱም ግምት እንዲታደስ ይጠይቁ። ስለ ቤቱ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ፤ አጠገቡ ሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት ካለ አይሰውሩ። አንድን ነገር ደብቆ የተገባ ውል በሰላም ቀን የጸና ይመስላል፤ በአደጋ ቀን ግን ይፈርሳል። በየዓመቱም ውሉ ሲታደስ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ቤቱ ስንት ተገመተ? ምን ምን አደጋ ተጻፈ? ካሣው የሚታሰበው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶ? የዐረቦኑ ነገር ከእነዚህ በኋላ ቢነሣ ይሻላል።

ገንዘቡ ለኹለቱ የማይበቃ ሲኾንስ ምን ይደረግ? የሚያፈስስና የዛገ ክዳን ካለ አስቀድሞ ክዳኑ ይታደስ እንላለን። የሚያፈስስ ጣራ የጭቃውን ግድግዳ ከውስጥ እየበላ ቤቱን በየክረምቱ ያዋርዳልና፤ ይህንንም ጥፋት የሚከፍል መድን የለም። ክዳኑ ደኅና ከኾነ ግን ለጌጥ ብሎ ከመለወጥ ይልቅ፥ ያንኑ ገንዘብ ለተጨማሪው የነፋስና የበረዶ መድን ማዋል ይበልጣል።

ከደብረ ወርቅ ከመነሣታችን በፊት ወይዘሮዋ በአንድ ደብተር ላይ ሒሳቡን በኹለት ወገን ጽፈው ለባለቤታቸው አሳዩአቸው። ባንድ ወገን በዓመት የሚጨመረው ዐረቦን፥ በሌላው ወገን ቤቱ ቢቃጠል በቀድሞው ግምትና በአዲሱ ግምት የሚገኘው ካሣ ነበረ። በዚያም ላይ፥ ቤቱ በመያዣ ስለ ተያዘ ከካሣው አስቀድሞ የሚነሣው የባንኩ ዕዳ መኾኑን ጨምረው ጻፉ። በቀድሞው ግምት ቢኾን ኖሮ፥ ባንኩ ድርሻውን ካነሣ በኋላ ለሽማግሌዎቹ የሚተርፈው ማደሪያ አንዲት ክፍል እንኳ የሚያሠራ አልነበረም።

ሽማግሌው ደብተሩን ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በመጨረሻም ብዕራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ፈረሙና፥ «እንግዲያስ የነፋሱንም ይጨምሩልን ብለን እንጠይቅ» አሉ። ወይዘሮዋም ደረሰኞቹን ጠቅልለው፥ ግልባጩን ወደ ደብረ ማርቆስ ለእኅታቸው እንድናደርስላቸው ሰጡን። እኛም አደራውን ተቀብለን በማግሥቱ አደረስን። አንባቢዎቻችንም ከክረምቱ በፊት በየቤታቸው ይህንኑ ደብተር ከፍተው ሒሳቡን በኹለት ወገን እንዲጽፉ እናሳስባለን።